ፓራውልቱ ማንን ነው የሚጠብቀው?

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አስፋልት ሐሙሲትን አልፎ የጉማራን ድልድይ ሲሻገር አገሩ ሜዳ ይሆናል፡፡ ወረታ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፡፡ ወደ ቀኝ የሚታጠፈው በደርግ ዘመን በቻይናዎች የተሠራው የደብረ ታቦርና የወልዲያ መንገድ ነው፡፡ ቀጥታው የርብን ወንዝ ተሻግሮ አዲስ ዘመን ይገባል፡፡ በዚህ መንገድ በተመላለስኩ ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው የመስክ መኪኖች ግንባር ላይ ነው፡፡ ላንድክሩዘሩም፣ ሃይሉክሱም፣ አይሱዙውም የፋብሪካውን ፓራውልት አውልቆ ወይም በላዩ ደርቦ ወፍራም ብረት ታጥቋል፡፡ በብረቱ ላይ ሁለት፣ አራት፣ አንዳንዴም ስድስት ፓውዛ ተደርድሯል፡፡

ነገሩ የጌጥ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለባለመኪናው ምርጫ ትቼው ባለፍኩ ነበር፡፡ ነገር ግን ጌጥ ብቻ አይደለም፡፡ በጠባብ አስፋልት ላይ አደጋው በማን ላይ ይውደቅ የሚለው ጥያቄ ነው፡፡

በመጀመሪያ ለሾፌሮቹ ፍትሐዊ እንሁን፡፡ የሚፈሩት ነገር እውነተኛ ነው፡፡ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ የሩዝና የከብት አገር ነው፡፡ በወተቱ የታወቀው የፎገራ ከብት ከግጦሽ ሲመለስ አስፋልቱን ያቋርጣል፤ ብዙ ጊዜም አስፋልቱን ይዞ ይሄዳል፡፡ በኅዳርና በታኅሣሥ ሩዝ ሲታጨድ ጋሪው፣ ባጃጁና አይሱዙው ሁሉ ወደ ወረታ መፈልፈያዎች ይጎርፋል፡፡ ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሞልተው ማሳውን ሲያጥለቀልቁ ደግሞ ደረቅ ሆኖ የሚቀረው ከፍ ተደርጎ የተሠራው መንገድ ነው፡፡ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰውን ጎርፍ የአካባቢው ሰው እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል፡፡ እንግዲህ መንገዱ የመኪና ብቻ አይደለም፡፡ የእግረኛም፣ የከብትም፣ የገበያም መንገድ ነው፡፡ የመንገድ መብራት የለውም፤ ለእግረኛ የተለየ መተላለፊያም የለውም፡፡

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ካሳወጀው ግጭት ወዲህ የሌሊት ጉዞ ቀንሷል፡፡ ይህ ግን ችግሩን አላቃለለውም፡፡ ሾፌሮች ሳይመሽ ለመግባት ይቸኩላሉ፡፡ የሚቸኩሉበት ሰዓት ደግሞ ገበያተኛው ወደ ቀዬው የሚመለስበት፣ እረኛውም ከብቱን የሚያስገባበት ሰዓት ነው፡፡

እስቲ ስሌቱን እንሥራው፡፡ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ያህል ይጓዛል፡፡ ሾፌሩ በሬውን አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያደርስ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢፈጅበት 33 ሜትር ሄዷል፡፡ በደረቅ አስፋልት፣ በጥሩ ጎማና በጥሩ ፍሬን ለመቆም ሌላ 35 ሜትር ገደማ ይፈልጋል፡፡ ድምሩ 70 ሜትር ይጠጋል፡፡ አጭር መብራት በትክክል ቢስተካከል እንኳ ጥቁር የለበሰን ሰው አጥርቶ የሚያሳየው ከዚህ ባነሰ ርቀት ነው፡፡ ስለዚህ ተጨማሪ መብራት መፈለጉ የሚያስወቅስ አይደለም፡፡

የሚያስወቅሰው አገጣጠሙ ነው፡፡ ተጨማሪ መብራት የረጅም መብራት አጋዥ ነው፡፡ ገመዱ በፊውዝና በሪሌ በኩል አልፎ ከረጅም መብራት ጋር አብሮ እንዲበራ፣ አጭር ሲደረግም አብሮ እንዲጠፋ ሆኖ መገጠም አለበት፡፡ በብዙ ቦታ የሚሠራው ግን ሌላ ነው፡፡ ከባትሪው በቀጥታ ገመድ ተስቦ ዳሽቦርዱ ሥር አንዲት ማብሪያ ትበሳለች፡፡ ከዚህ በኋላ ሾፌሩ ለሚመጣው መኪና መብራቱን አጭር ቢያደርግለትም ፓውዛው እንደበራ ይቀራል፡፡ ሪሌና ፊውዝ ሳይኖር ብዙ ፓውዛ የተሸከመ ቀጭን ገመድም ይግላል፤ ልባሱ ሊቀልጥና እሳት ሊያስነሳ ይችላል፡፡ ለሃሎጅን በተሠራ የመብራት ቤት ውስጥ የኤል.ኢ.ዲ. አምፖል መክተትም ብርሃኑን አስፋልቱ ላይ ከማሳረፍ ይልቅ ይበትነዋል፡፡

በእንዲህ ያለ ብርሃን ዓይኑ የፈዘዘ ሾፌር እይታው እስኪመለስለት ጥቂት ሰከንዶች ይፈጅበታል፡፡ ሦስት ሰከንድ ብንል በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 66 ሜትር በጨለማ ነዳ ማለት ነው፡፡ በዚያ 66 ሜትር ውስጥ የባጃጅ ተሳፋሪ፣ ጋሪ ነጂ ወይም የሩዝ ነዶ የተሸከመች እናት ልትኖር ትችላለች፡፡ ፓውዛው ለባለቤቱ መንገዱን ሲያሳየው ለሌላው መንገዱን ነሥቶታል፡፡

ወደ ብረቱ እንምጣ፡፡ የፋብሪካው ፓራውልት፣ ከኋላው ካለው ላሜራና ከኮፋኖው ጋር፣ በግጭት ጊዜ እየተጨማደደ ጉልበቱን እንዲውጥ የታሰበ ነው፡፡ ከብረት ቱቦ ተበይዶ በቡሎን ከሻንሲው ጋር የታሰረው ግን በቀላሉ አይጨማደድም፡፡ ይህ ማለት ጉልበቱን የሚውጠው የተመታው አካል ነው፡፡ የረጅም መኪና ብረት ለአዋቂ ሰው ወገቡና ደረቱ ላይ፣ ለሕፃን ጭንቅላቱ ላይ ያርፋል፡፡ መኪናውም ቢሆን ዕዳ አለበት፡፡ ከ50 ኪሎ በላይ የሚመዝን ብረት አፍንጫው ላይ ሲጫንበት የፊት ባሌስትራው ወይም ሞላው ይረግባል፤ የመብራቱ አቅጣጫ ይዛባል፡፡ በደንብ ያልታሰበበት ብየዳ ደግሞ ወደ ራዲያተሩ የሚገባውን አየር ይከለክላል፡፡

ሰፊ ስም ያገኘው ከአውስትራሊያ ነው፡፡ እዚያ ካንጋሮ በምሽት ዘሎ መንገድ ይገባል፤ በረሃ መሐል ራዲያተሩ የተበሳ መኪና ደግሞ የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው፡፡ ዛሬ በዓለም የሚታወቀው ኤ.አር.ቢ. የተባለው ፓራውልት አምራችም እዚያው በ1975 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ፡፡ ያ መንገድ ግን ለብዙ መቶ ኪሎ ሜትር እግረኛ የሌለበት ነው፡፡ እግረኛ የሚበዛባቸው አገሮች ሌላ ውሳኔ ወስደዋል፡፡ የአውሮፓ ኅብረት በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ በእግረኛ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ያልተፈተነ የግንባር ብረት ለገበያ እንዳይቀርብ አደረገ፡፡ የሕንድ መንግሥትም በታኅሣሥ 2017 እ.ኤ.አ. ክልሎቹ እንዲህ ያለውን ብረት እንዲቆጣጠሩ አዘዘ፡፡ የፎገራ ሜዳ የሚመስለው የትኛውን ነው? የአውስትራሊያን በረሃ ወይስ የሕንድን የሩዝ ገጠር? አንባቢ ይፍረድ፡፡

ሕጋችን በዚህ ጉዳይ ዝም አላለም፡፡ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 ከብቱ አምልጦትም ቢሆን ባለቤቱን ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል፡፡ በአንቀጽ 2081 ደግሞ የመኪናው ባለቤት፣ መኪናውን ያልተፈቀደለት ሰው ነድቶት እንኳ ቢሆን፣ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፡፡ ስለዚህ «በሬው ነው የገባብኝ» ማለት ብቻውን ነፃ አያወጣም፡፡ ብረት ያስገጠመ ሰው ኮፋኖውን አድኖ ይሆናል፤ የሰው ጉዳት ያስከተለውን ኃላፊነት ግን ብረት አይከላከልለትም፡፡

ይህ ልማድ በቶሎ የሚቀር አይመስለኝም፡፡ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከወሰነ ወዲህ በእጅ ያለ የናፍጣ ላንድክሩዘር የበለጠ ተወዷል፡፡ የተወደደ ንብረት ደግሞ ይታጠራል፡፡ «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ነውና እያንዳንዱ ለየራሱ ብረት ይበይዳል፡፡ መንገዱ ላይ የጎደለውን የጋራ ጥበቃ አቅም ያለው በግሉ ገዛው፤ አቅም የሌለው እግረኛ ግን የሌላውን ጥበቃ በአካሉ ተቀበለ፡፡

ታዲያ ምን ይደረግ? «ሁሉም ብረት ይውለቅ» ብዬ አልከራከርም፡፡ ሦስት ነገሮች ግን በቀላሉ ይቻላሉ፡፡ አንደኛ፣ በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት መኪና በየዓመቱ ሲመረመር መርማሪው አንድ ጥያቄ ይጨምር፤ መብራቱ አጭር ሲደረግ ፓውዛው አብሮ ይጠፋል ወይ? ካልጠፋ ቦሎ አይሰጠው፡፡ ይህ ፍተሻ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም፡፡ ሁለተኛ፣ ብረት የሚበይዱ ጋራዦች ከኮፋኖ ከፍታ የሚያልፍና ስለት ያለው ብረት እንዳይሠሩ፣ የመብራቱንም አቅጣጫ ሳያስተካክሉ መኪና እንዳያስወጡ ግዴታ ይግቡ፡፡

ሦስተኛውና ዋናው ለእግረኛው የሚደረገው ነው፡፡ ብርሃን የሚመልስ ጨርቅ ወይም ተለጣፊ በአጭር መብራት እንኳ ከ100 ሜትር በላይ ይታያል፡፡ በጋሪ ጀርባ፣ በባጃጅ ጎን፣ በእረኛ ዱላና በተማሪ ቦርሳ ላይ ቢለጠፍ ከላይ ያሰላነውን 70 ሜትር ለሾፌሩ ይሰጠዋል፡፡ አንድ የብረት ፓራውልት በሚገጠምበት ገንዘብ የአንድ ቀበሌ ጋሪዎች ሁሉ ሊለጠፍላቸው ይችላል፡፡ የወረዳው አስተዳደርና የትራፊክ ፖሊስ ይህን ለማድረግ የአዲስ አበባን ውሳኔ መጠበቅ አያስፈልጋቸውም፡፡ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር በበኩሉ መንገዱ በሚጠገንበት ጊዜ ሁሉ ለእግረኛና ለከብት የሚሆን ትከሻ ሊያስብ ይገባዋል፡፡ መጪው የሩዝ አጨዳ ከመድረሱ በፊት ቢያንስ የጋሪዎቹ ሥራ ሊጀመር ይችላል፡፡