ጠሪ አክባሪ ነው፤ ከፋይዋስ?

እህቶቼ፣ በዚህች መጽሔታችን ስለ ደመወዝና ስለ ኢቃማ ብዙ ተጽፏል። እኔ ዛሬ የምጽፈው ትንሽ ስለሚመስል ነገር ነው፤ ስለ ሰርግ ካርድ። አትሳቁ። ጥር እየመጣ ነው። በዚህ ሰሞን ከመካከላችን «ካርዱ ሊታተም ነው፣ ብር ቶሎ ላኪ» ያልተባለች ካለች እጇን ታውጣ።

በጥር 2015 ዓ.ም. ወንድሜ ሲያገባ እኔ መካ ነበርኩ፣ አዚዚያ ሰፈር። ደመወዜ 1,000 ሪያል ነበር። ስልክ የማገኘው ማታ ብቻ ነው። አንድ ማታ ሦስት የካርድ ናሙና በኢሞ መጣልኝ። አንዱ ተራ ነው። አንዱ አበባ አለበት። ሦስተኛው ጽሑፉ ወርቅማ፣ በሪባን የታሰረ፣ እንደ በር ለሁለት የሚከፈት ነው። እውነቱን ልናገር፤ ወርቅማውን የመረጥኩት እኔው ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። «እህቱ ዐረብ አገር እያለች ይቺን አሳተመ» እንዳይባል ፈራሁ። አንዱ ካርድ 40 ብር፣ 400 ካርድ፣ 16,000 ብር። በዚያን ጊዜ የባንክ ምንዛሬ ከ1,100 ሪያል በላይ ነው። አንድ ወር ሙሉ የሰው መጸዳጃ ቤት የፈተግኩበት አልበቃም፤ ከሁለተኛውም ወር ተቆረሰ።

ካርዱ ታትሞ ፎቶው የመጣልኝ ማታ የማዳሜን አባያ እየተኮስኩ ነው። ካውያውን አቁሜ አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። ጠሪዎቹ እናቴና አጎቴ ናቸው። አባቴ ስለሞተ በእሱ ቦታ አጎቴ ገባ። አጎቴ የሚኖረው አዲስ አበባ ነው፤ ለሰርጉ ያዋጣው ነገር የለም፤ ግን ወንድ ነው። የእኔ ስም የትም የለም። ወንድሜን ብጠይቀው፣ «አንቺ ደግሞ! ሴት ልጅ ሰርግ ስትጠራ የት አይተሻል? ሰው ምን ይላል?» አለኝ። ከካርዱ ግርጌ በወርቅማ ቀለም «ጠሪ አክባሪ ነው» ተብሎ ተጽፏል። ጠሪው አክባሪ ከሆነ፣ እሺ፣ ከፋይዋ ምንድን ናት?

ኮንትራቴን ጨርሼ አገር ቤት ስገባ ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። ከእናቴ አልጋ ሥር በፌስታል የታሰረ የካርድ ክምር። ቆጠርኩት፤ 130 ነው። አልተበተነም። እናቴ አንዳንዱን እያወጣች የወተት ብርጭቆ ትከድንበታለች። «ጎረቤቱንስ በምን ጠራሽው?» አልኳት። «በአፌ ነዋ! ደጃፋቸው ድረስ ሄጄ። ለጎረቤት ወረቀት ይሰጣል እንዴ?» አለችኝ። እነዚያ በአፍ የተጠሩት ናቸው እንግዲህ ወጥ የሠሩት፣ ዳስ የጣሉት፣ እስከ ማታ የቆዩት። ወርቅማው ካርድ የደረሳቸው የአጎቴ የሥራ ባልደረቦች ብዙዎቹ አልመጡም።

ታዲያ «ካርዱ ወጋችን ነው» የሚለኝን አልሰማውም። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የተቋቋመው በ1914 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ቅድመ አያቶቻችን አላገቡም? ሰው ተልኮ፣ ሽማግሌ ዞሮ፣ በስም ተጠርቶ ነው የተሰረገው። ወጋችን መጥራት ነው። ሪባኑ ወጋችን አይደለም።

የባለጠጎቹንም ልንገራችሁ። አሁን የምሠራው ጅዳ ነው። የማዳሜ እህት ልጅ ስታገባ አዳራሹ ትልቅ ነበር፣ ምግቡም አይወራ። ጥሪው ግን በዋትስአፕ ነው የመጣው፤ በር ላይ ስልክ አሳይተው የሚገቡበት ባርኮድ ያለው። ልጆች እንዳይመጡም በጨዋ ቋንቋ፣ «የሕፃናት ገነት ቤታቸው ነው» ይላል። እዚህ አገር በሰርግ ካርድ ላይ የተለመደ አባባል ነው። ብሩ ያላት ማዳም በስልክ ስትጠራ አልተናቀችም። የእኔ ወንድም ግን በእኔ ደመወዝ ሪባን ካላሰረ ይናቃል!

ይህን ሁሉ የምለው በካርዱ ቀንቼ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. የሆነውን አስቡት። ከሳውዲ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን በጥቂት ወራት ውስጥ ተመለሱ። ብዙዎቹ አንድ ቦርሳ ብቻ ይዘው ነው። እኛ መቼ «ውጡ» እንደምንባል ማን ያውቃል? የዚያን ቀን የምንይዘው ያጠራቀምነውን ነው። ካርድ ለባንክ አይመለስም።

ከሐምሌ 2016 ወዲህ ደግሞ የብር ምንዛሬ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ሪያል በባንክ ከ15 ብር ገደማ ተነሥቶ ከ30 ብር በላይ ሆነ። አገር ቤት «አሁንማ ሪያሉ በዝቷል» ይሉናል። ወረቀቱና ቀለሙ ግን ከውጭ ነው የሚገባው፤ እሱም አብሮ ተወደደ። የእኛ ደመወዝ እንደሆነ ያው በሪያል ነው፤ አልጨመረም።

አንዳንዶቻችሁ «ሰርግ አንድ ቀን ነው፣ ቤተሰብ ይደሰት» ትላላችሁ። አንዷ ጓደኛችንም ዓርብ ስንገናኝ ተቆጥታኛለች። «እኔ እንደሆነ በዓይኔ አላየው፣ ካርዱን እንኳ ላሳምረው እንጂ» አለች። ይገባኛል፤ እኔም ያኔ ፎቶውን ስታተስ ላይ ለጥፌ ነበር። ግን የቀረንበትን ሰርግ በወረቀት አንገዛውም። ካርድም ከነጭራሹ ይቅር አላልኩም። ለሩቅ ዘመድ፣ ለታላላቅ ሰዎች፣ ለማስታወሻ ያስፈልጋል። የሚያምር ደግሞ በትንሽ ብር ይሠራል።

ታናሽ እህቴ በዚህ ጥር ታገባለች ኢንሻአላህ። አሁን የሠራነውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የቆጠርነው ቤት ነው፣ ሰው አይደለም። ለአንድ ቤት አንድ ካርድ። ጎረቤትና ቅርብ ዘመድ በእናቴ አፍ ይጠራል። ስልክ ያለው በስልክ ይላክለታል። በወረቀት የሚደርሳቸው 60 ቤቶች ብቻ ሆኑ።

ከዚያ ሕትመት። ማተሚያ ቤቶች «ብዙ ብታሳትሙ አንዱ ይረክሳል» ይላሉ። እውነት ነው፤ በኦፍሴት ማሽን የፕሌቱ ወጪ ለ50ም ለ1,000ም ያው ነው። ግን የማትፈልጉትን 300 ካርድ በርካሽ መግዛት ትርፍ አይደለም። ለትንሽ ቁጥር ከኮምፒውተር በቀጥታ የሚያትመው ዲጂታል ይሻላል። ወፈር ያለ አንድ ኤፎር ወረቀት ለአራት ሲቆረጥ አራት ካርድ ይወጣዋል። ለ60 ካርድ 15 ወረቀት በቃ። በአንድ ገጽ፣ በአንድ ቀለም፣ ያለ ሪባን፣ ያለ ወርቅ። ከነፖስታው 2,400 ብር ጠየቁን። ከ70 ሪያል በታች ነው።

ዲዛይኑን በስልኬ ሠራሁት። ግዕዝ የማያውቅ የፊደል ዓይነት ከመረጣችሁ ጽሑፉ ሳጥን ሳጥን ይሆናል፤ ሌላ ምረጡ። ማተሚያ ቤቱ ጽሑፉን እንደገና ከጻፈው ስም ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ ከመታተሙ በፊት የናሙናውን ፎቶ አስልኩ፤ ሁለት ሰው ጮክ ብሎ ያንብበው። የቁርኣን አያም ሆነ የቅዱሳን ሥዕል አታስገቡ፤ ከሰርጉ ማግስት ካርዱ መሬት ላይ ወድቆ ይረገጣል።

ሰዓት ላይ በተለይ ተጠንቀቁ። አንዷ እህታችን የእህቷን ካርድ ከዚሁ ጽፋ ስትልክ እንደለመደችው 12፡00 ሰዓት ብላ ጻፈች። ምሳ ማለቷ ነበር። አገር ቤት 12 ሰዓት ማታ ነው! ምሳው አልቆ ድስቱ ከታጠበ በኋላ የመጡ ነበሩ። የእኛ ስልክ ቀን የሚቆጥረው በሂጅራ ወይም በፈረንጅ ነው፤ ካርዱ ግን በእኛው አቆጣጠር ይሁን። ዕለቱንም ጻፉ፤ ቀን ቢሳሳት ዕለቱ ያጋልጠዋል።

ጽሑፉ ይኸው፤ የፈለገች ትውሰደው፦

«ለ............ ቤተሰብ
ልጃችን ............ እና ............ እሑድ ጥር 17 ቀን 2018 ዓ.ም. ስለሚጋቡ፣ ከቀኑ 6፡00 ሰዓት በቤታችን ተገኝታችሁ ምሳ አብራችሁን እንድትበሉና እንድትመርቋቸው በአክብሮት ጠርተናችኋል።
ጠሪዎች፦ እናቷ ወይዘሮ ............ እና እህቷ ............ ከጅዳ»

የመጨረሻዋን መስመር አያችኋት? ወንድሜ አሁንም ትንሽ አጉረምርሞ ነበር። «እንግዲያው ስሜ ከሌለ ብሩም የለም» አልኩት። ዝም አለ። እናቴ ናት የጨረሰችው፤ «ቤቱን ያቆመችው እሷ አይደለችም? ትጥራ!» አለች።

እህቶቼ፣ የምለምናችሁ ሁለት ነገር ነው። «የካርድ ብር ላኪ» ስትባሉ በፊት ስንት ቤት እንደሚጠራ ጠይቁ፤ ቁጥሩን ሳታውቁ አንድ ሪያል አትላኩ። ከላካችሁ ደግሞ ስማችሁ ከጠሪዎቹ ጋር ይጻፍ። እኛ በሩቅ ሆነን የምንታለብ ላም አይደለንም። ልጆች ነን፣ እህቶች ነን፣ የቤቱ ሰዎች ነን። የቤቱ ሰው ደግሞ ይጠራል።

ጥሩ ጥር ያድርግልን።

እህታችሁ፣ ከጅዳ