የወገን ዋጋ

አማርኛዬ በአሥር ዓመቴ ከቋራ ይዤው የመጣሁት ነውና ስህተት ብታዩ እንደ ወንድም አርሙኝ። ዛሬ የማነሣው ስለ ገንዘብ ነው። በእኛ ዘንድ ስለ ገንዘብ አፍ አውጥቶ መናገር ነውር እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ግን ነገሩ ውስጤን ስለበላኝ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ባለፈው ዓርብ እኩለ ቀን ላይ በረሆቮት ባቡር ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። ዓርብ ባቡሩ ለሰንበት ቀደም ብሎ ስለሚቆም ሰው ሁሉ ይጣደፋል። ወታደሩ ቦርሳውን ተሸክሞ ወደ እናቱ ቤት፣ ተማሪው ከዋይዝማን ተቋም ወጥቶ ወደ ቴል አቪቭ... ስልኬ ጠራ። አንድ የማኅበራችን ሽማግሌ ናቸው።

«ልጄ፣ ያቺን ፊልም አየናት። እጅግ ታምራለች፤ እግዚአብሔር ይባርክህ። አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ... የአያትየውን ልብስ ነጭ ብታደርገው፣ ሲሄዱም ከዘራ ቢይዙ። ለእሑድ ትደርሳለች አይደል?»

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ አምስተኛው እርማት ነው» አልኳቸው።

«ምን አለበት ልጄ፣ ኮምፒዩተሩ አይደል የሚሠራው!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሠራዊት ከወጣሁ በኋላ በሙያ ትምህርት ቤት አኒሜሽን ተምሬ በግሌ እሠራለሁ። ማኅበሩ ልጆቻችን ወላጆቻቸው በሱዳን በኩል እንዴት እንደመጡ የሚያዩበት የ90 ሰከንድ የካርቱን ፊልም እንድሠራ ጠየቀኝ። ደስ አለኝ፤ የእኛው ታሪክ ነውና። «ስንት ትለናለህ?» ሲሉኝ አፍሬ «4,000 ሸቀል» አልኩ። ውል የለ፣ ቀብድ የለ... በቃል ብቻ።

እስቲ አብረን እንቁጠር። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ያልፍበታል። 90 ሰከንድ ማለት 2,160 ምስል ነው። አንዱን ሥዕል ሁለት ሁለት ጊዜ ብናሳይ እንኳ 1,080 ሥዕል ይቀራል። እርግጥ እኔ ሁሉንም በእጄ አልስልም፤ እጁን፣ እግሩን፣ ራሱን ለየብቻ ስዬ ኮምፒዩተር ላይ አንቀሳቅሳለሁ። ልብስ ነጭ ማድረግ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ከዘራ ማስያዝ ግን በነፃ ሲወዛወዝ የነበረውን እጅ በየእርምጃው እንደገና መሥራት ነው። ሁለቱም «ትንሽ ነገር» ይባላሉ።

ታሪኩን በሥዕል መደርደር፣ ስቶሪቦርድ የምንለው፣ 3 ቀን ወሰደ። ሰዎቹንና ሜዳውን መሳል 4 ቀን። ማንቀሳቀሱ በቀን 10 ሰከንድ ሲሆን 9 ቀን። ድምፅና ቅንብር 2 ቀን። ለእርማት 2 ቀን አስቤ ነበር፤ 16 ቀን በላ። ድምሩ 34 ቀን። 4,000 ሸቀል ለ34 ሲካፈል በቀን 118 ሸቀል ገደማ፣ በሰዓት 15 እንኳ አይሞላም። በዚህ አገር ዝቅተኛው የሰዓት ደመወዝ ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ከ34 ሸቀል በላይ ነው። (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ባለቤቴ ይህን ሒሳብ ስታይ «ጣቢያውን ብትጠርግ ይሻልህ ነበር» አለችኝ። ቀልድ አልነበረም፤ የልጆቹን የክረምት ገንዘብ ነው ያጎደልኩት።

ጥፋቱ የማን ነው? ጋሼ አይደሉም። የእኔ ይሉኝታ ነው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ!

አያቴ ቋራ ውስጥ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። ሰው ማረሻቸውን እየፈለገ እሳቸውን «ቡዳ» ይላቸው ነበር። አባቴ እንዳወራኝ ግን ገበሬ ማረሻ ሊያሠራ ሲመጣ ከሰሉን ማን እንደሚያቀርብ፣ በመኸር ስንት ቁና እህል እንደሚሰፈር አስቀድመው ይነጋገሩ ነበር። ፍሙ ሳይነድ! ያልተማሩት አያቴ የሚያውቁትን እኔ ዲፕሎማ ይዤ ረሳሁት።

ትልልቆቹም ተሳስተዋል። ዋልት ዲዝኒ በ1937 ያወጣው «ስኖው ዋይት» መጀመሪያ 250,000 ዶላር ገደማ ተገምቶ ወደ 1.5 ሚሊዮን ነው የደረሰው። እሱ ግን ገበያው አወጣው፤ እኔን ማን ያወጣኛል?

አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ የቀኔን ዋጋ አወቅሁ። ለቤቴ፣ ለግብር፣ ለቢቱዋሕ ለኡሚ፣ ለግል ሠራተኛ ከ2017 ጀምሮ ግዴታ ለሆነው ጡረታ፣ ለኮምፒዩተርና ለፕሮግራም ኪራይ በወር 14,000 ሸቀል ያስፈልገኛል። በወር 22 ቀን ብሠራም ገንዘብ የሚያመጡት 14ቱ ናቸው፤ የቀሩት በስልክ፣ በስብሰባ፣ በባቡር ያልቃሉ። ስለዚህ ቀኔ 1,000 ሸቀል ነው። «ኦሴክ ፓቱር» ብሆን 18 በመቶውን ማዓም ከደንበኛው አልቀበልም፤ ግን ኮምፒዩተር ስገዛ የከፈልኩትም አይመለስልኝም። ይህም ሒሳብ ውስጥ ይገባል። እንግዲህ ያ የ90 ሰከንድ ፊልም እንዳሰብኩት በ20 ቀን ቢያልቅ እንኳ 20,000 ሸቀል ነበር።

«ማኅበራችን ይህን ከየት ያመጣል?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ እዚህ ቂርያት ሞሼ የምንኖር የእኛ ሰዎች ሀብታሞች አይደለንም። ግን ዋጋውን አትቀንሱ፤ ሥራውን ቀንሱ። 8,000 ሸቀል ካላቸው የ8 ቀን ሥራ ስጧቸው፦ ስቶሪቦርድ 1 ቀን፣ አንድ ሰው ብቻ መሳል 2፣ 30 ሰከንድ ማንቀሳቀስ 3፣ ድምፅ 1፣ እርማት 1። አዲስ አበባ ውስጥ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የሚለውን የልጆች ፕሮግራም የጀመሩት በካልሲ ከተሠራች ቀጭኔ አሻንጉሊት ጋር ነው፤ ልጆቹ ግን ወደዷት፤ በውጭ አገርም ተሸለመ። በ2008 የወጣው «ዋልስ ከባሺር ጋር» የተባለው የእስራኤል የወታደሮች ፊልም እንኳ በአብዛኛው ሥዕሉ ተቆራርጦ በፍላሽ ፕሮግራም የተንቀሳቀሰ ነው። እንዲያም ሆኖ አራት ዓመት ፈጀ። ጥበብ በአቅም ልክ መቁረጥ ነው፤ ራስን መቁረጥ አይደለም።

ሁለተኛ፣ በጽሑፍ ነው። ሲሶው ቀብድ፣ ሲሶው ስቶሪቦርዱ ሲፀድቅ፣ ሲሶው ፊልሙ ሲያልቅ ከመረከባቸው በፊት። እርማት ሁለት ጊዜ ብቻ፤ ከዚያ በላይ በቀን ይከፈላል። ከዘራው ስቶሪቦርድ ላይ ቢጠየቅ በአምስት ደቂቃ እርሳስ ያልቅ ነበር። የክፍያውም ቀን ይጻፍ። በ2017 የወጣው የአቅራቢዎች ክፍያ ሕግ የግል ንግድ ሌላ የጽሑፍ ስምምነት ከሌለ የክፍያ መጠየቂያው ከደረሰበት ወር መጨረሻ በ45 ቀን እንዲከፍል ያዛል። ኦሪት ግን ከዚህ ይቀድማል፤ ዘዳግም ምዕራፍ 24 የድሀውን ሠራተኛ ደመወዝ ፀሐይ ሳትጠልቅ ስጠው ይላል። ይህን ትእዛዝ ሰንበትን እንደምናከብር ብናከብረው ምን ነበረበት? ለአዳራሹና ለድግሱ ሳንከራከር ከፍለን የገዛ ልጃችንን ብቻ የምንከራከረው ለምንድን ነው?

መርዳት የሚፈልግ ይርዳ፤ እኔም እረዳለሁ። ግን ስጦታው ይታይ። ወረቀቱ ላይ «ዋጋው 8,000፣ ለማኅበሩ ስጦታ 2,000፣ ቀሪ 6,000» ብላችሁ ጻፉ። ያኔ ሰጪው መስጠቱን፣ ተቀባዩም መቀበሉን ያውቃል። ዝም ብሎ ማርከስ ግን ስጦታ አይደለም፤ ከእኛ በኋላ የሚመጣውንም ወጣት ዋጋ ያረክሳል።

ወደ ጣቢያው ልመልሳችሁ። ትንፋሼን ሰብስቤ፣ «ጋሼ፣ ልብሱን ነጭ አደርገዋለሁ፤ ስጦታዬ ይሁን። ከዘራው ግን የሁለት ቀን ሥራ ነው፤ 2,000 ሸቀል ነው» አልኳቸው። ዝም አሉ። ተቀየሙ ብዬ ልቤ መታ። ቆይተው በለሆሳስ፣

«ምነው ልጄ፣ ይህን ከመጀመሪያው ብትነግረን ኖሮ? እኛ እኮ የሚቀልህ መስሎን ነው» አሉኝ።

ያን ያህል ወር የፈራሁት መልስ ይህ ነበር! ባቡሩ መጣ፤ ሰንበት ሳይገባ ቤቴ ደረስኩ። አያትየውም ያለ ከዘራ ሱዳንን ተሻገሩ፤ ምንም አልሆኑም።

እናንተስ ለወገን ስትሠሩ እንዴት ትነጋገራላችሁ? የሰንበት ሰላም ይሁንላችሁ፤ ቸር ይግጠመን።