ስንት አውቶቡስ ተገዛ አትበሉኝ፤ ስንቱ ዛሬ ጠዋት ከዴፖ ወጣ?

ወገን፣ እስቲ ዛሬ ስለ አውቶቡስ እናውራ። «ሀገር ስንት ጉዳይ እያለባት ስለ አውቶቡስ?» የምትሉ አትጠፉም። ግን አስቡት፤ ቃሊቲ የሚኖር ሥራ ፈላጊ የቅጥር ፈተናው ስድስት ኪሎ ከሆነ፣ ዲግሪው ከመታየቱ በፊት ቀድሞ የሚፈትነው ትራንስፖርቱ ነው። ተመርቀን ሥራ የምንፈልግ ልጆች ይሄን በደንብ እናውቀዋለን። ሲቪ ይዞ ሰልፍ ላይ መቆም የብዙዎቻችን የጠዋት ሥራ ሆኗል። ስለዚህ ጉዳዩ የሌላ ሰው አይደለም፣ የእናንተው ነው።

አዲስ አበባ ላይ አዲስ አውቶቡስ በመጣ ቁጥር ትዕይንቱ አንድ ነው። አውቶቡሶቹ በመደዳ ይቆማሉ፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል። እኛም ፎቶውን እየተቀባበልን «ይሄ ነው ለውጥ!» እንላለን። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ከእነዚያ ውስጥ ስንቱ መንገድ ላይ እንዳለ የሚጠይቅ የለም። በሽታችን እዚህ ጋ ነው፦ ለመግዣ ገንዘብ እንሯሯጣለን፣ ለማቆያው አናስብም።

ወደ ኋላ ሄደን እንይ። አንበሳ አውቶቡስ ሥራ የጀመረው በ1935 ዓ.ም. ነው። ከ80 ዓመት በላይ ማለት ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን አውቶቡሱ ስንቴ ተቀያየረ? አባቶቻችን የሚያስታውሱት ዳፍ አለ። ቀጥሎ በሜቴክ ስር ቢሾፍቱ ላይ የተገጣጠሙት መጡ። «የራሳችን ምርት» ብለን ኮርተንባቸው ነበር፤ ኩራቱ ሳይደበዝዝ ብልሽታቸው በዛ። ከዚያ ለመንግሥት ሠራተኛው ፐብሊክ ሰርቪስ መጣ፣ ሸገር መጣ፣ ሰልፉ ሲብስ ደግሞ ድጋፍ ሰጪ አውቶቡሶች ገቡ። አሁን የኤሌክትሪኮቹ ተራ ነው።

አዲስ ነገር መምጣቱ ጥፋት አይደለም። ግን ልብ በሉ፦ እያንዳንዱ አዲስ ዓይነት የራሱ ፍሪሲዮን፣ የራሱ ካምቢዮ፣ የራሱ ፊልትሮ አለው። የዳፉ ለቢሾፍቱው አይገጥምም፣ የቢሾፍቱው ለሸገሩ አይሆንም። መካኒኩ እንደ አዲስ መማር አለበት፣ ግምጃ ቤቱም እንደ አዲስ መሞላት አለበት። መለዋወጫ ሲጠፋ ምን ይደረጋል? ከቆመው ላይ ይፈታና ለሚሄደው ይገጠማል። ዛሬ አንዱ ይተርፋል፣ የቆመው ግን እስከ መጨረሻው ይቆማል። በወረቀት ላይ ሁለት አውቶቡስ አለን፣ መንገድ ላይ ያለው አንድ ነው። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄው ነው።

ይህ የአውቶቡስ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። ቀላል ባቡሩን አስታውሱ። በመስከረም 2008 ሥራ ሲጀምር ያልተደሰተ አልነበረም። ወጪው 475 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። 41 ባቡሮች ገቡ። አሥር ዓመት ሳይሞላው አብዛኞቹ በመለዋወጫ እጥረት ቆሙ። ባቡሩ ቆመ፣ ብድሩ ግን አልቆመም።

ለከተማ ትራንስፖርት ማሻሻያ የሚመጣው ትልቁ ገንዘብም ብዙ ጊዜ ከውጭ ነው። የዓለም ባንክ በ2008 ለትራንስፖርት ሥርዓት ማሻሻያ 300 ሚሊዮን ዶላር አጽድቋል። ከዊንጌት እስከ ጀሞ የታቀደው የፈጣን አውቶቡስ መስመርም ከፈረንሳይ የልማት ድርጅት ጋር የተያያዘ ነው። ብድር አልቃወምም። ግን አበዳሪ የሚወደው የሚመረቅ ነገር ነው። በየወሩ የሚያልቅ የፍሬን ሸራ ማን ያስመርቃል? እሱን የምንችለው እኛው ነን።

የምንችለው ደግሞ በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ቀላል ሂሳብ ነው፦ 1,000 ዶላር የሚያወጣ መለዋወጫ ከ57,000 ብር ተነስቶ ከ100,000 ብር በላይ ሆነ። የነዳጁ ነገርም አለ። ከሐምሌ 2014 ጀምሮ «የታለመ ድጎማ» ተብሎ ለሕዝብ ማመላለሻ የተለየ አሠራር ቢወጣም የነዳጅ ዋጋ መውጣቱን አላቆመም።

«ታዲያ ታሪፍ ይጨመር ልትል ነው?» አይደለም። ገቢ የሌለው ወጣት ላይ ትኬት ማስወደድ ግፍ ነው። ግን ርካሽ ትኬት ወጪውን ካልሸፈነ ልዩነቱን አንድ ሰው መክፈል አለበት። ከተማው በግልጽና በጊዜው ካልከፈለው እኛ እንከፍለዋለን። እንዴት? በሰልፍ። በባከነ ሁለት ሰዓት። አቆራርጦ በሚጭን ታክሲ ለአንድ መንገድ ሁለት ሦስት ጊዜ ሂሳብ በመስጠት። ያልተከፈለ ድጎማ አይጠፋም፣ ከደሃው ኪስ ይወጣል።

ሌላው ሰበብ «ሀገሪቱ ድሃ ናት፣ ገንዘብ ከየት ይምጣ?» የሚለው ነው። መልሱ እዚሁ ቤታችን ውስጥ አለ። በ1989 የመንገድ ፈንድ በአዋጅ ሲቋቋም ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ከነዳጅ ላይ ትንሽ ትንሽ ይሰብሰብ፣ ገንዘቡም ለመንገድ ጥገና ይዋል። አስፋልት እንደሚያረጅ ገብቶን ለጥገናው ሕግ ካወጣን፣ አስፋልቱ ላይ ለሚሮጠው አውቶቡስ ይሄን ማሰብ ለምን ከበደን? አውቶቡስ ቆሞም ወጪ አለው እኮ! የተገዛበት ዕዳ ይከፈላል፣ ሠራተኛው ደመወዝ ይፈልጋል፣ ዴፖ ውስጥ ያለው ብረት ዝገት ይበላዋል።

የኤሌክትሪኩ አውቶቡስ ተስፋ አለው፤ ይሄን አልክድም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ያስመረቅነው የዓባይ ግድብ ኃይል የራሳችን ነው፣ እንደ ናፍጣ በዶላር አንገዛውም። በራሳችን ወንዝ የሚሄድ አውቶቡስ ከማየት በላይ ምን ያኮራል? ግን ባትሪው፣ ቻርጀሩ፣ ሶፍትዌሩ ከውጭ ነው። ዛሬ ጠጋኝ ካላሠለጠንን፣ ለባትሪው መቀየሪያ ከአሁኑ ካልቆጠብን፣ የቢሾፍቱው ታሪክ በኤሌክትሪክ ይደገማል።

ስለዚህ እንደ ትውልድ መጠየቅ ያለብን ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ በየወሩ ቁጥር ይውጣ። ስንት እንደተገዛ አይደለም፤ በየዴፖው ስንት አውቶቡስ እንዳለና ከእነሱ ውስጥ ስንቱ ጠዋት ሥራ እንደወጣ።

ሁለተኛ፣ ማንኛውም ግዢ ከመለዋወጫና ከሥልጠና ጋር በአንድ ውል ይታሰር። የሞዴሉም ዓይነት ይቀንስ። ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅና ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ቤት የተቀመጠ መካኒክና ኢንጂነር ሞልቷል፤ ጥገናው ለእነሱ የሥራ ዕድል ይሁን።

ሦስተኛ፣ ለጥገና የሚውል ገንዘብ በሕግ ተለይቶ ይቀመጥ። ለሌላ ነገር የማይነካ፣ ሂሳቡም ለሕዝብ የሚነገር ይሁን።

ይሄ የተቃዋሚ ወይም የደጋፊ ጥያቄ አይደለም። ሰልፍ ላይ የቆመ ሁሉ ጥያቄ ነው። ሀገር መውደድ ባንዲራ ማውለብለብ ብቻ ሳይሆን የሀገር ንብረት ቆሞ ሲዝግ ዝም አለማለትም ነው።

ቀጣዩ ሪባን ሲቆረጥ አጨብጭቡ፣ ክፋት የለውም። ከጭብጨባው በኋላ ግን የአውቶቡሶቹን ቁጥርና ቀኑን መዝግባችሁ ያዙ። ልክ በዓመቱ ስንቱ እንደሚሠራ ጠይቁ። በሁለተኛው ዓመትም ጠይቁ። መልስ እስኪሰጣችሁ ድረስ አትተዉት።