«ኢሚውኒቲ ጨምሩልኝ» ከማለታችን በፊት ሳንባችንን እንወቀው



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትልኩልኝ አንድ ዓይነት ምስል አለ። ሳንባ ነው፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ እየበራ በስሪዲ የሚሽከረከር። ከሥሩ ደግሞ «ኢሚውኒቲ የሚጨምር» የተባለ ዱቄት ወይም ሽሮፕ ይሸጣል። ጥያቄያችሁም ሁለት ነው። «ዶክተር፣ ይሄ ምርመራ የት ይገኛል?» እና «ይሄን መድኃኒት ልውሰደው ወይ?»

ሁለቱንም ልመልስ። የእኔን አቋም ግን ከአሁኑ ልንገራችሁ፦ ያ ምስል በትክክል ከተነበበ ዱቄቱን እንድትገዙ ሳይሆን እንዳትገዙ የሚመክር ነው።

ምስሉ እንዴት ይነሳል?

በሕክምና ትምህርት ቤት ሳንባን የምናየው መስታወት ላይ ተለጥፎ ነው። ቁራጩ ውፍረቱ ከ4 እስከ 5 ማይክሮሜትር ብቻ ነው፤ ከፀጉራችን ከ10 ጊዜ በላይ ይቀጥናል። ይህ ዘዴ ዛሬም የፓቶሎጂ ምርመራ የጀርባ አጥንት ነው። ግን ችግር አለው። ዝንጅብል አይቶ ለማያውቅ ሰው አንድ ክብ ቁራጭ ብቻ ብታሳዩት «ዝንጅብል ኳስ ነው» ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። ጣት ጣት የመሰለውን ቅርንጫፉን የት አይቶት?

ለዚህ መፍትሔው ሳይቆራርጡ ሙሉውን ማየት ነው። መጀመሪያ የሳንባው ቁራጭ በኬሚካል እንደ መስታወት ብርሃን አሳላፊ ይደረጋል። ጀርመናዊው የአናቶሚ ሊቅ ቨርነር ሽፓልተሆልትስ ይህን የሠራው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። ከዚያ የሚያበራ ቀለም የተሸከሙ አንቲቦዲዎች ይጨመሩና አንዱ ቲ ሴል ላይ፣ ሌላው ቢ ሴል ላይ ይለጠፋል። በመጨረሻ እንደ ወረቀት የሳሳ ብርሃን ከጎን እየገባ ንብርብሩን አንድ በአንድ ያበራል፤ ኮምፒውተሩም ደርድሮ ስሪዲ ያደርገዋል። ይህ ላይት ሺት ማይክሮስኮፕ ይባላል።

ስለዚህ ሁለት ነገር ያዙልኝ። አንደኛ፣ ቀለሙን የመረጠው ሰው ነው፤ ሳንባችን ውስጥ አረንጓዴ መብራት የለም። ሁለተኛ፣ የታየው ሳንባ ከሰውነት የወጣ ነው፤ በቀዶ ጥገና፣ ከሞተ ሰው ወይም ከቤተ ሙከራ እንስሳ የተወሰደ። እናንተ ቁጭ ብላችሁ ሳንባችሁን እንዲህ የሚያነሳ ክሊኒክ የለም። ሲቲ ስካን ሌላ ነገር ነው፤ ሴል አያሳይም። «በስሪዲ ኢሚውኒቲ እንለካለን» የሚላችሁ ካለ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ደርባን ላይ የታየው

ለእኛ ሀገር ሐኪም ትልቅ ትርጉም ያለው ሥራ የተሠራው እዚሁ አፍሪካ ውስጥ ነው። ደርባን፣ ደቡብ አፍሪካ የሚገኘው የአፍሪካ የጤና ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች በቀዶ ጥገና የወጣ የቲቢ ሕሙማን ሳንባ ወስደው በማይክሮ ሲቲ (በጣም ረቂቅ በሆነ የኤክስሬይ ስሪዲ) መረመሩት፤ ከማይክሮስኮፕ ቁራጮች ጋርም አመሳከሩት። ውጤቱ በ2021 እ.ኤ.አ. ታተመ።

ግራኑሎማ የሚባለው የመከላከያ ሴሎቻችን የቲቢን ባክቴሪያ ከበው የሚሠሩት አጥር ነው። መሐሉ ብዙ ጊዜ እንደ አይብ የፈረሰ ሥጋ ነው። ለዓመታት ድቡልቡል ኳስ አድርገን ስንስለው ኖረናል። በስሪዲ ሲታይ ግን ብዙዎቹ ቅርንጫፍ ያላቸው፣ እርስ በርስ የተያያዙ፣ ከትንንሽ የአየር ቧንቧዎች ጋር የተገናኙ ሆነው ተገኙ። እውነትም ዝንጅብል!

ይህ ለታካሚ ምን ይጠቅመዋል? ብዙ። አጥሩ ከአየር ቧንቧ ጋር ከተገናኘ ባክቴሪያው በሳል ወደ ሌላ ሰው መውጫ መንገድ አለው ማለት ነው። አይብ የመሰለው መሐል ደግሞ የደም ሥር የለውም። የምንውጠው ኪኒን በደም ደርሶ ከዳር ወደ ውስጥ ቀስ እያለ መስረግ አለበት። እዚያ የተደበቀው ባክቴሪያም አንዳንዱ ሳይባዛ አድፍጦ የሚቆይ ስለሆነ ቶሎ አይሞትም። መደበኛው የቲቢ ሕክምና 6 ወር የሚፈጀው ከእነዚህ ምክንያቶች የተነሳ ነው እንጂ ሐኪም ሊያመላልሳችሁ ፈልጎ አይደለም። በ2ኛው ወር ሳሉ ጠፋ ማለት ዝንጅብሉ ተነቀለ ማለት አይደለም።

ኢሚውኒቲ ሮቶ አይደለም

አሁን ወደ ዱቄቱ ልምጣ።

ብዙዎቻችን ኢሚውኒቲን እንደ ሮቶ ውሃ ነው የምናስበው፤ ሲጎድል የሚሞላ። የሳንባው ምስል የሚያሳየው ግን ሌላ ነው። መከላከያችን ቦታና ቅርጽ አለው፤ ማን ከማን አጠገብ እንደቆመ ለውጥ ያመጣል።

አንድ ምሳሌ እንይ። በጤነኛ አዋቂ ሳንባ ውስጥ እንደ ሊምፍ እጢ የተሰባሰቡ የመከላከያ ሴሎች እምብዛም አይታዩም። ኢንፌክሽን ሲመጣ ወይም ሰው ሲጋራ ሲያጨስ ግን ይፈጠራሉ። በቲቢ ጊዜ፣ በዝንጀሮ ዝርያዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ በሽታውን ተቆጣጥረው በያዙት ላይ በብዛት ታይተዋል። ታዲያ ጥሩ ናቸው ማለት ነው? ቆዩ! ሲኦፒዲ በሚባለው የቆየ የሳንባ በሽታ ደግሞ ሕመሙ በከፋ ቁጥር በትንንሾቹ የአየር ቧንቧዎች ግድግዳ ላይ እነዚሁ ስብስቦች ይበዛሉ። ቲቢ ሳንባን ሲቦረቡርም ባክቴሪያው ብቻውን አይደለም፤ የራሳችን መከላከያ ምላሽ ትልቅ ድርሻ አለው።

እንግዲህ «ኢሚውኒቲ እጨምራለሁ» የሚለውን ነጋዴ ጠይቁልኝ፦ የቱን ሴል? የት ቦታ? እስከ ምን ድረስ?

«ዶክተር፣ አያቶቻችን በዝንጅብልና በነጭ ሽንኩርት አይደል እንዴ ያደጉት?» የምትሉ አላችሁ። እኔም ሻይ በዝንጅብል እወዳለሁ፤ ጉሮሮም ያለሰልሳል። ጠቤ ከዝንጅብል ጋር አይደለም። ጠቤ ከሚባክነው ጊዜ ጋር ነው። ሳል ያለበት ሰው አንዱን ጣሳ ጨርሶ ሁለተኛውን ሲገዛ ሳምንታት ያልፋሉ። በዚያ መሐል የቤቱ ሰው በሙሉ፣ ሕፃናቱ ጭምር፣ ያንኑ አየር ይተነፍሳሉ። ብክነቱ ከገንዘብ በላይ ነው የምለው ለዚህ ነው።

መከላከያችሁን በእውነት የሚያግዙት ነገሮች ማስታወቂያ የላቸውም። በቂ ምግብ፣ ሲጋራ ማቆም፣ ስኳርን መቆጣጠር፣ ክትባት፣ ኤችአይቪ ካለ ደግሞ መድኃኒቱን ሳያቋርጡ መውሰድ። እነዚህ ሲጎድሉ ቲቢ አጥሩን ጥሶ የመውጣት ዕድሉ ይጨምራል።

ምን እናድርግ?

- ሳል 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ ወይም የሌሊት ላብ፣ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ፣ ደም የቀላቀለ አክታ ካለ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ኤችአይቪ ያለበት ሰው 2 ሳምንት አይጠብቅ።
- አክታችሁ በጂን ኤክስፐርት ይመርመር። በመንግሥት ጤና ተቋማት የቲቢ ምርመራም መድኃኒትም በነፃ ነው።
- ኪኒን ከጀመራችሁ ደህና ብትሆኑም ሐኪሙ «ጨርሰሃል፣ ጨርሰሻል» እስኪል አታቋርጡ።
- ቲቢ ከተገኘ አብሯችሁ የሚኖር ሁሉ ይመርመር።

እነዚያን የሚያምሩ ምስሎች ለማግኘት የታመሙ ሰዎች የሳንባቸውን ቁራጭ ለምርምር ሰጥተዋል። የሰጡት በሽታው እንዲታወቅ ነው። የዱቄት ማሻሻጫ ሲሆን ዝም ብዬ ማየት አልችልም።

ቤታችሁ ውስጥ «ብርድ ነው» እየተባለ የሰነበተ ሳል ካለ ይህን ጽሑፍ ለባለቤቱ ላኩለት። የተሻለው ደግሞ ነገ ጠዋት አብራችሁት ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ጤና ይብዛላችሁ!