ዱቡሻና ንግድ

ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን፣ ከአባያ ሐይቅ አጠገብ የሚገኘው ጫኖ በሙዝ ምርቱ የታወቀ ነው። ንግድ በደራበት ሥፍራ ሁሉ ክፍት መሬት ለሱቅና ለመጋዘን ይፈለጋል። ይሁን እንጂ የጋሞ ሕዝብ የሚመክርበትና የሚታረቅበት የዱቡሻ ሜዳ እንደ ትርፍ ቦታ ሊቈጠር አይገባውም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ የተቈጡ ወጣቶች በሰውና በንብረት ላይ በተነሡ ጊዜ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው፣ ተንበርክከው መለሷቸው። ይህ የሽማግሌ ክብር ሲወርድ ሲዋረድ የቈየው በዱቡሻ ሥርዓት ነው። መድን የጠፋውን ንብረት ይተካ ይሆናል፤ ዕርቅ ግን ንብረቱ እንዳይጠፋ ይጠብቃል። ስለዚህ የጫኖ ነጋዴዎች የሱቅ ቦታ ሲጠይቁ፣ ለሕፃናት መጫወቻ፣ ለገበያተኛም ማረፊያ የሚሆነው ሜዳ ከነጥላ ዛፉ ተከብሮ እንዲኖር አብረው ቢጠይቁ የሚጠቀሙት ራሳቸው ናቸው።