ቪአር ለነርስ ተማሪ፦ ቅንጦት ነው?

የነርስ ተማሪ ካኑላ ማስገባት የሚለማመደው በማን ክንድ ላይ ነው? ጥያቄው ደስ አይልም፤ መልሱን ግን እናውቀዋለን። በመንግሥት ሆስፒታል በተኛ፣ "እንቢ" ማለት እንደሚችል ማንም ባልነገረው ሰው ክንድ ላይ ነው። አልጋውን ተማሪዎች ይከቡታል፤ አንዱ ይነካል፣ ሌሎቹ ያያሉ። የመውጫ ፈተናው ደግሞ ኮምፒውተር ላይ ምርጫ ማክበብ ስለሆነ፣ ማን እንደነካ ማን እንዳየ አይለይም።

ስለዚህ የቪአር መነጽር ሲነሳ "ጓንት በሌለበት አገር ምን ቅንጦት ነው!" ከሚሉት ጋር አልስማማም። ከወለደች በኋላ ደም የሚፈሳትን እናት ተማሪው በመነጽሩ ውስጥ መቶ ጊዜ ቢስት የሚሞት የለም። ጎረቤት ኬንያ ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጋር የተሠራው "ላይፍ" የተባለ የድንገተኛ ሕክምና ማሠልጠኛ እኮ በስማርት ስልክም ይሠራል።

ነገር ግን መነጽሩ የማይችለውም አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ፣ 12 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና ቪአር የነርስ ተማሪዎችን እውቀት እንደሚያሻሽል አሳይቷል፤ በክህሎት ግን ከሌላው ማስተማሪያ ጎላ ያለ ብልጫ አላገኘም። አይገርምም፤ ደም ሥር የሚፈለገው በጣት ነው። ለእጅ ሥራ ውኃ የሚሞላባት የሕፃን አሻንጉሊት፣ ኒዮናታሊ፣ ከመነጽሩ ትበልጣለች።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ቋንቋው ነው። ገበያ ላይ ያሉት ምናባዊ ታካሚዎች አብዛኞቹ ሕመማቸውን የሚናገሩት በእንግሊዝኛ ነው። ቡታጅራ ሆስፒታል የምትመጣ እናት ግን በመስቃንኛ፣ በማረቆኛ ወይም በስልጥኛ ነው "እዚህ ጋ ያመኛል" የምትለው። ያንን ያልሰማ ነርስ ምን ይመዘግባል?

ለዚህ መፍትሔ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ የቡታጅራን የገጠር ጤና ፕሮግራም ከ1979 ዓ.ም ጀምሮ በ10 ቀበሌዎች ሲያካሂዱ፣ ልደትና ሞትን ቤት ለቤት የመዘገቡት ቋንቋውን የሚያውቁ የአካባቢው ልጆች ነበሩ። ከዚያ ስንት የማስተርስና የዶክትሬት ጥናት ወጣ! በወረቀትና በእግር ጉዞ፣ ልብ በሉ።

የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በዙሪያው ያሉ የጤና ኮሌጆች መነጽር ለመግዛት ካሰቡ በጀቱን ለሁለት ይክፈሉት፤ ግማሹ ለዕቃው፣ ግማሹ ደግሞ ታካሚውን በአካባቢው ቋንቋ ለሚያናግሩ ነባር ነርሶችና ላቦራቶሪውን ማታም ከፍቶ ለሚያለማምድ ባለሙያ። መነጽሩ ስቶር ተቆልፎበት እንግዳ ሲመጣ ብቻ የሚወጣ ከሆነ ግን፣ ገንዘቡ ለጓንት ይዋል።