መንገደኛና የጉልት ገበያ

መንገደኛ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የመነሻውንና የመድረሻውን ስም ብቻ የሚያውቅ ነው፤ በመካከል ያለውን አገር በመስኮት አሻግሮ ያየዋል፤ ሲመሽበትም ካገኘው ሆቴል ገብቶ በሩን ዘግቶ ያድርና ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ ይሄዳል። ሁለተኛው ግን ለአንድ ሌሊት ያደረበትን ከተማ እንደ ሰው ቤት ቆጥሮ ደጁን አልፎ የሚገባ፣ ከሰዎቹ ጋር የሚነጋገር፣ ከምግባቸው የሚቀምስና ከገበያቸው የሚገዛ ነው። እኔ በዚህ ጽሑፍ የምከራከረው ለሁለተኛው መንገደኛ ነው። ይሁን እንጂ ከገበያ መግባት ብቻውን አይበቃም፤ አገባቡም ሊታሰብበት ይገባል እላለሁ። ይህን ለማለት ያበቃኝም ራሴ የፈጸምሁት አንድ ስሕተት ነው።

ከብዙ ዓመታት በፊት፣ የቀድሞው ባቡር በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል መንገደኛ ያመላልስ በነበረበት ዘመን፣ ሦስት ጓደኛሞች ወደ ሐረር ስንጓዝ አንድ ማለዳ ድሬዳዋ ላይ ወረድን። ሦስታችንም መምህራን ነበርን። ከዚያ ሐረር ለመድረስ የሚቀረን የደንገጎን ዳገት ወጥቶ የሚያልፈው 50 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ብቻ ስለ ነበር፣ ብንፈልግ በዚያው ዕለት ልንገባ እንችል ነበር። ከመካከላችን አንደኛው፣ «ሙቀቱ ሳይበረታ እንለፍ እንጂ እዚህ ምን እንሠራለን?» አለ። ሌላው ግን፣ «ስሙን እየሰማን ያደግንበትን ከተማ ደጃፉን ረግጠን አንሄድም» ሲል ሙግት ገጠመ። እኔም አሸማጋይ ሆንሁና አንድ ሌሊት እንድናድር ተስማማን።

ተማሪዎች፣ ድሬዳዋ የመንገደኛ ማረፊያ የሆነችው በአጋጣሚ አይደለም። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በመጀመሪያ ወደ ሐረር እንዲዘልቅ ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን ተራራውን ማስወጣቱ አስቸጋሪና ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሆኖ ስለ ተገኘ መስመሩ በቆላው በኩል እንዲያልፍ ተደረገ። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ሲደርስ በዚያ የተቆረቆረው ጣቢያ ውሎ አድሮ ከተማ ሆነ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1909 ዓ.ም. ነው። ከእነዚያ 14 ዓመታት በመጀመሪያዎቹ፣ ሐዲዱ ከድሬዳዋ አልፎ እስኪቀጥል ድረስ፣ ወደ መሐል አገር የሚሄደው ሰውና ዕቃ ከባቡር የሚወርደው፣ ከመሐል አገር የሚመጣውም በባቡር የሚሳፈረው በድሬዳዋ ነበር ማለት ነው። እንግዲህ ይህች ከተማ ከጥንስስዋ ጀምሮ መንገደኛን ስታሳርፍ፣ ስታበላና ከመንገደኛ ጋር ስትገበያይ የኖረች ናት።

ከተማዋን ደቻቱ የሚባለው ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል። በአንደኛው ወገን ከዚራ አለ፤ መንገዶቹ ቀጥ ያሉ፣ ግራና ቀኛቸውን ዛፍ ያጠላባቸው፣ የባቡር ጣቢያው ሲሠራ በዕቅድ የተሠራ ሰፈር ነው። በሌላው ወገን መጋላ አለ፤ ቤቱ ከቤት የተጠጋጋ፣ መተላለፊያው ጠባብ፣ ንግዱ የደራበት ሰፈር ነው። ደቻቱ በበጋ አሸዋ ብቻ ሆኖ ስለሚታይ እንግዳ ሰው ወንዝ መሆኑን እንኳ ይጠራጠራል፤ ሆኖም በ1998 ዓ.ም. ክረምት በድንገት ሞልቶ ከ200 የሚበልጡ ሰዎች ሕይወት አጥፍቷል። አንድን ከተማ በመስኮት አይቶ የሚያልፍ ሰው አሸዋውን ያያል እንጂ ይህን ኀዘን አያውቀውም።

ወደ ታሪኬ ልመለስ። ቀትር ላይ ሙቀቱ አላስወጣ ስላለን ከሆቴላችን ተኝተን ዋልን። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ወጣንና በከዚራ በኩል ስናልፍ ዋጋው በወረቀት ተጽፎ በመስታወት ውስጥ የተሰቀለ ሸሚዝ አየሁ። ገባሁ፤ ለካሁት፤ የተጻፈውን ዋጋ አንዲት ሳንቲም ሳላስቀንስ ከፍዬ ወጣሁ። ከዚያም ደቻቱን ተሻግረን ቀፊራ ወደሚባለው ገበያ ሄድን። ቀፊራ በቅስት በተሠሩ በሮቹ የታወቀ ገበያ ነው። ከከተማውና ከአካባቢው ገጠር የሚመጡ የኦሮሞ፣ የሶማሌና የአፋር ሴቶች አትክልቱን፣ ፍራፍሬውን፣ ቅመሙንና ወተቱን ይዘው በየመደባቸው ይቀመጣሉ። በአንድ ዙር ብቻ ሦስትና አራት ቋንቋ ይሰማል፤ ሻጭዋ ለአንዱ በኦሮምኛ፣ ለሌላው በሶማልኛ፣ ለሦስተኛው በአማርኛ ዋጋ ስትነግር ትሰማላችሁ። ከክፍል ውስጥ ስለ ቋንቋ ብዙ ያስተማርን ሦስት መምህራን ፊደል ባልቆጠሩ ሴቶች አንደበት ተደንቀን ቆምን።

ለሐረር አስተናጋጆቻችን ፍሬ ይዘን እንሂድ ተባባልንና አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ፊት ቆምን። ከፊታቸው ሁለት ክምር ማንጎ ቀርቶ ነበር። ዋጋውን ጠየቅሁ፤ ነገሩኝ። እኔም «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት እያሰብሁ ከግማሽ በታች ሰጠሁ። ሴትዮዋ ሣቁ፤ ጥቂት ቀነሱ። እኔ አልጨመርሁም። ትቼ የምሄድ መስዬ ጥቂት ተራመድሁ። ጠሩኝ፤ አሁንም ቀነሱ። እንደገና ተራመድሁ። በመጨረሻ ወደ ምዕራብ ተመለከቱና፣ «እሺ ውሰዱ፤ መሽቷል» አሉ። ሁለቱንም ክምር በዘንቢላችን ገለበጡልን፤ በዚያ ላይ አንድ ፍሬ ምራቂ ጨመሩልን። እኔም እንደ አሸናፊ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

ከገበያው ስንወጣ ከመንገድ ዳር ብረት ድስት ጥደው ሳምቡሳ የሚጠብሱ አንዲት እናት አገኘንና ከበርጩማዎቻቸው ላይ ተቀመጥን። ከአጠገባቸው አንድ ጎልማሳ ሙሸበክ ይሸጣል፤ ሙሸበክ ሊጡ እንደ መረብ ተጠላልፎ ተጠብሶ በስኳር ውኃ የሚነከር ጣፋጭ ምግብ ነው። ምስር የተሞላውን ሳምቡሳ ከነትኩሳቱ ከሻይ ጋር በላን። ከጎናችን ጋሪ ነጂ፣ ተማሪዎችና ከሥራ የሚመለሱ ሰዎች ተቀምጠው ነበር፤ ከየት እንደ መጣንና ወዴት እንደምንሄድ ጠየቁን፤ ነገ የትኛው መኪና ቀድሞ እንደሚነሣ ነገሩን። ጧት «እንለፍ» ያለው ጓደኛችን ከሁላችን ይልቅ ጨዋታው ጥሞት አልነሣም አለ። አስተናጋጃችን ግን ዘንቢሉን አዩና ማንጎውን በስንት እንደ ገዛነው ጠየቁን። በኩራት ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም አሉና፣ «ልጄ፣ በዚህ ዋጋ እኔም ከገበሬው አላገኘውም። መሽቶባቸው ይሆናል» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም፤ ሳምቡሳቸውን ማገላበጥ ቀጠሉ።

«መሽቷል» የሚለውን ቃል ከሴትዮዋ አፍ ስሰማው ትርጉሙ ያልገባኝ ያን ጊዜ ነው። መሽቷል ማለት ወደ ገጠር የሚወስደው መንገድ ይጨልማል ማለት ነበር፤ ማንጎው እስከ ነገ ይበላሻል ማለት ነበር፤ ከባዶ እጅ ጥቂትም ይሻላል ማለት ነበር። እኔ ያሸነፍሁት በክርክር ችሎታዬ ሳይሆን በፀሐይዋ መጥለቅ ነው። ከዚህ ይልቅ ያሳፈረኝ ደግሞ የለበስሁት አዲስ ሸሚዝ ነው። መስታወት ላለው ነጋዴ ያልተከራከርሁትን፣ መሬት ላይ ለተቀመጡት እናት ተከራከርሁ። በማግሥቱ ማለዳ ከቀፊራ ተመልሼ ፈለግኋቸው፤ አላገኘኋቸውም። ከቦታቸው አጠገብ ከተቀመጠች ሌላ ሴት የጠየቀችውን ከፍዬ ሎሚ ገዛሁ፤ ነገር ግን ለአንዱ የተከፈለ ገንዘብ የሌላውን ዕዳ አያወርድም።

ከዚህ ተነሥቼ የማቀርበው አስተያየት የሚከተለው ነው። በመጀመሪያ፣ መንገደኛ ካደረበት ከተማ ገበያ ይግባ። ለሆቴል የሚከፈለው ገንዘብ የሚደርሰው ለባለሆቴሉ ነው፤ ለሳምቡሳና ለማንጎ የሚከፈለው ግን በዚያው ምሽት የአንድ ቤት እራት ይሆናል። ከዚህም ሌላ ከበርጩማ ላይ የሚገኘው ወሬና ዕውቀት ከሆቴል አዳራሽ አይገኝም። ከጓደኛ ጋር ሲሆን ደግሞ ጥቅሙ ይበዛል፤ አንዱ ያላየውን ሌላው ያያል፤ አንዱ የተሳሳተውንም ሌላው ያርመዋል።

ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣብኝ ዐውቃለሁ። አንደኛው፣ «የመንገድ ዳር ምግብ ለጤና ያሰጋል» የሚል ነው። ይህ እውነትነት አለው፤ መንገደኛ ታሞ ከመንገድ መቅረቱ ቀላል ነገር አይደለም። መድኃኒቱ ግን መሸሽ ሳይሆን መመልከት ነው። ከፊታችሁ ተጠብሶ ትኩሱን የሚቀርብ ምግብ፣ ራሳችሁ የምትልጡት ፍሬና የፈላ ሻይ አደጋቸው አነስተኛ ነው። ዘይቱ የጠቆረ፣ ዝንብ የሰፈረበት፣ ተቆርጦ የዋለ ወይም ባልታወቀ ውኃ የታጠበ ከሆነ እለፉት። ከመብላታችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ደንበኛ የሚበዛበትን ቦታ ምረጡ፤ ምግቡ ሳይውል ስለሚያልቅ አብዛኛውን ጊዜ ትኩስ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ «ሻጭ እንግዳን አይቶ ዋጋ ስለሚቆልል ካልተከራከሩ መታለል ነው፤ ደግሞስ ክርክር የገበያ ወግ አይደለም ወይ?» የሚል ነው። ወግ መሆኑን አልክድም። ዋጋ መከራከር በአገራችን ሰላምታ፣ ቀልድና መተዋወቂያ ነው፤ የማይከራከር ገዥ አንዳንድ ጊዜ ሻጩንም ቅር ያሰኛል። እኔ የምቃወመው ክርክሩን ሳይሆን ልኩን ማለፉን ነው። ስለሆነም አራት ነገር እመክራለሁ። ሁለት ወይም ሦስት ሻጮችን ጠይቃችሁ የቀኑን ዋጋ ዕወቁ፤ ይህን ያወቀ ሰው አይታለልም፤ አያታልልምም። የማትገዙትን አትከራከሩበት። ሻጩ ትርፍ የሚያገኝበት ዋጋ ላይ ስትደርሱ አቁሙ። የሰውን ችግር፣ ይኸውም የመሸበትን፣ ዝናብ የመጣበትን፣ ሕፃን የሚያለቅስበትን ሰዓት እንደ መከራከሪያ አትጠቀሙበት። ከሁሉ በላይ ግን ለባለ መስታወቱ የሰጣችሁትን አክብሮት ለባለ ጉልቷ አትንፈጉ።

«ጥቂት ሳንቲም ምን ለውጥ ያመጣል?» የሚል ቢኖር ጥያቄውን ገልብጬ እመልስለታለሁ። ለውጥ የማያመጣ ከሆነ እኛ ስለምን ያን ያህል እንከራከርበታለን? ለእኛ ከሻይ ዋጋ የማያልፈው ገንዘብ ለጉልት ቸርቻሪ የነገው መነሻ ነው። መነሻዋ ከጎደለ ነገ የምታመጣው ክምር ያንሳል፤ ከነገ ወዲያም ከቦታዋ ትጠፋለች። እኔ በማግሥቱ የፈለግኋቸው እናት ለምን እንዳልመጡ አላውቅም፤ ባስታወስሁት ቁጥር ግን ይከነክነኛል።

ዛሬ ጉዞው ተለውጧል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሠራው ባቡር በአዲስ መስመር ይሄዳል፤ ጣቢያውም ከድሬዳዋ ከተማ ወጣ ብሎ ተሠርቷል። መንገደኛ ከባቡር ወርዶ ቀጥታ መኪና ቢይዝ መጋላን ሳይረግጥ፣ ቀፊራን ሳያይ ማለፍ ይችላል። መንገዱ ባጠረ ቁጥር የምናልፋቸው ሰዎች ይበዛሉ፤ የምናውቃቸው ግን ያንሳሉ። እናንተም ነገ ለትምህርት ወይም ለሥራ ስትጓዙ ለአንድ ሌሊት የምታድሩበት ከተማ ይኖራል፤ ድሬዳዋ፣ ደሴ፣ ሻሸመኔ ወይም ነቀምት ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ከጓደኞቻችሁ ጋር ውጡ፤ ቅመሱ፤ ግዙ፤ ተከራከሩም። ነገር ግን ገንዘባችሁን ከመቁጠራችሁ በፊት ፀሐይዋ የት እንደ ደረሰች ቀና ብላችሁ ተመልከቱ።